የሮቶ መቆጣጠሪያ ቦርድ መፈተሻ ጂግ፣ ያለ ሶልደር

ጥቅምት መጀመሪያ፦ የሚፈተሸው

ጂግ ማለት ቦርዱን ይዞ ባለ ሞላ ፒን እያስነካ የሚፈትሽ መሣሪያ ነው። የሚፈተሸው ቦርድ 60 በ80 ሚሜ፣ ባለ ሁለት ሌየር፣ ውፍረቱ 1.6 ሚሜ ነው። ሥራው የሮቶውን የውሃ ልክ በፍሎት ስዊች እያነበበ ፓምፕ ማብራትና ማጥፋት ነው። ውሃ በፈረቃ በሚመጣበት ሰፈር ሮቶው ሞልቶ እንዳይፈስ፣ ፓምፑም ባዶውን እንዳይዞር ይጠብቃል። በላዩ ላይ ኤቲሜጋ328ፒ (ፕሮግራሙን የሚያስኬደው ቺፕ)፣ ለቺፑ ሰዓት የሚሰጥ ባለ 16 ሜጋኸርዝ ክሪስታል፣ ኤኤምኤስ1117 ባለ 5 ቮልት ሬጉሌተርና አንድ የ12 ቮልት ሪሌ አሉ። ሪሌው ፓምፑን በቀጥታ አይነዳም፤ የኮንታክተሩን (ፓምፑን የሚያበራውን ትልቅ ስዊች) ኮይል ብቻ ነው የሚያበራው።

እስካሁን ቦርዱ የሚፈተሸው ሽቦ ሶልደር እየተደረገበት ነበር። ፓዱ (ሽቦው የሚያያዝበት የመዳብ ቦታ) ደጋግሞ ሲሞቅ ከቦርዱ ይነሳል፤ ሽቦው ተነቅሎም ቆርቆሮና ፍላክስ (ሶልደር እንዲይዝ የሚረዳው ቅባት) ይቀራል። ጥቂት ቦርድ ሲሆን ይቻላል፤ በመቶ ሲቆጠር ግን አይቻልም።

ከመነሻው የተያዘ መርህ አለ። ጂጉ «ወድቋል» ካለ የወደቀው ቦርዱ መሆን አለበት እንጂ ፒኑ ሳይነካ ቀርቶ መሆን የለበትም። «አልፏል» ሲልም እንደዚሁ። የሚዋሽ ጂግ ጭራሽ ጂግ ከሌለው ይብሳል፤ ደህናውን ቦርድ አስፈትቶ ያስጠግናል፣ ብልሹውን ደንበኛ ቤት ያደርሳል። ከዚህ በታች ያለው ሁሉ የሚዞረው በዚህ ዙሪያ ነው።

220 ቮልት ጂጉ ላይ አይደርስም። የሪሌው ኮንታክት የሚፈተሸው በ5 ቮልትና በ1 ኪሎኦም ነው፤ መዝጋቱንና መክፈቱን ለማወቅ ይህ ይበቃል።

የነጥቦቹ ዝርዝር፦ ግራውንድ 3፣ 12 ቮልት 2፣ 5 ቮልት 1፣ ፕሮግራም መጫኛ 4 (ሚሶ፣ ሞሲ፣ ኤስሲኬ፣ ሪሴት)፣ ሲሪያል (መረጃ መላኪያና መቀበያ) 2፣ የፍሎት መግቢያ 3፣ የሪሌ ኮንታክት 3፣ የሪሌው ትራንዚስተር 1፣ ኤልኢዲ 1። ድምሩ 20 ፒን።

ጥቅምት መጀመሪያ፦ ፒንና ቀፎ

የተመረጠው ፒ75 የሚባለው ፖጎ ፒን (ባለ ሞላ ፒን) ነው። የአካሉ ውፍረት 1.02 ሚሜ፣ ሙሉ እርምጃው 2.65 ሚሜ ነው፤ በ2.54 ሚሜ ርቀት ጎን ለጎን ይቀመጣል። ውስጡ ያለው ሞላ ጥሩ የሚሠራው ከእርምጃው ሁለት ሦስተኛ ላይ ስለሆነ ቦርዱ ሲጫን ፒኑ 1.8 ሚሜ ያህል መግባት አለበት። ከዚያ በጣም ካነሰ ንክኪው ይላላል፤ መጨረሻው ድረስ ከተጨመቀ ደግሞ ሞላው ቶሎ ይደክማል።

ፒኑ በቀጥታ ሳህኑ (ፒኖቹን የሚይዘው ጠፍጣፋ ሰሌዳ) ላይ አይገባም። መጀመሪያ አር75 የተባለው ቀፎ ይገባና ፒኑ በቀፎው ውስጥ ይሰካል። የቀፎው ውፍረት 1.32 ሚሜ ነው። ቀፎው በተለያየ ጭራ ይሸጣል፤ ሶልደር የሚደረግበት አለ፣ ሽቦ የሚጠቀለልበት አራት ማዕዘን ጭራ ያለው አለ። የሚያስፈልገው ሁለተኛው ነው። ፒን ሲደክም በፒንሳ ተስቦ ይወጣል፣ አዲሱ ይገባል፤ ከሥር ያለው ሽቦ አይነካም። ፒን ብቻ ገዝቶ ጭራው ላይ ሽቦ ሶልደር ማድረግ ርካሽ ይመስላል፤ ሙቀቱ ግን ወደ ሞላው ይሄዳል፣ ቆርቆሮውም ወደ በርሜሉ ሊገባ ይችላል። ከዚያ በኋላ ፒኑ አይንቀሳቀስም።

ጫፍ መምረጥ ላይ ችኮላ አይጠቅምም። ለጠፍጣፋ ፓድ ሹሉ (ቢ1) ጥሩ ነው፤ ኦክሳይድና ስስ ፍላክስ ይበሳል። ከቦርዱ ሥር ብቅ ላለ የሪሌና የተርሚናል እግር ግን ሹል ጫፍ ይንሸራተታል፤ እዚያ ጎድጓዳው ወይም ዘውድ መሳዩ ይሻላል። ከ20ው ውስጥ 4ቱ ዘውድ፣ የቀሩት ሹል ሆኑ።

ጥቅምት አጋማሽ፦ የመጀመሪያው ሳህን፣ አክሪሊክ

የፒኖቹ ቦታ ከኪካድ (የቦርድ መንደፊያ ሶፍትዌር) በዲኤክስኤፍ ፋይል ወጥቶ የማስታወቂያ ሥራ ቤት ሌዘር ላይ በ6 ሚሜ አክሪሊክ ተቆረጠ። ቦርዱ ሳህኑ ላይ የሚቀመጠው ፊቱን ወደ ላይ አድርጎ ስለሆነ ሳህኑ ከላይ ሲታይ ልክ ቦርዱ ከላይ እንደሚታየው ነው፤ ሥዕሉ አይገለበጥም። የሥረኛውን ሌየር እያዩ የሚሥሉ ሰዎች እዚህ ላይ ይሳሳታሉ። ሽቦ የሚጠቀለለው ግን ከሥር ስለሆነ ለእሱ ግራ ቀኙ የተገለበጠ ካርታ ታትሞ ከሳህኑ ሥር መለጠፍ አለበት።

ሌዘር የሚቆርጠው ቀዳዳ ሲሊንደር አይደለም። ጨረሩ በገባበት በኩል ሰፋ፣ በወጣበት በኩል ጠበብ ይላል፤ ውፍረቱ በጨመረ ቁጥር ልዩነቱ ይጎላል። በዚያ ላይ ጨረሩ ራሱ ጠርዙን ይበላል። ስለዚህ ሙሉውን ሳህን ከማስቆረጥ በፊት በቁራጭ አክሪሊክ ላይ 1.15፣ 1.20፣ 1.25፣ 1.30 ሚሜ እያደረጉ የቀዳዳ ረድፍ ማስቆረጥና ቀፎውን በየቀዳዳው መሞከር ያስፈልጋል። ጥብቅ የሆነውን ቀዳዳ በኤሌክትሪክ ትራፓን ማስፋት አይሆንም፤ አክሪሊኩ ቀልጦ ፑንታው ላይ ይጠቀለላል። ፑንታውን በጣት እያዞሩ ማስፋት ይቻላል።

ሁሉም ተሰክቶ ሲታይ ቀፎዎቹ ዘመም ይላሉ። የቀዳዳው ሰፊ አፍ ላይ 0.2 ሚሜ ክፍተት ካለ፣ ፒኑም ከሳህኑ በላይ ወደ 10 ሚሜ ከወጣ፣ ጫፉ 0.3 ሚሜ አካባቢ ወደ ጎን ይሸሻል። ቦርዱ በመምሪያ ፒኑ (በማሠሪያ ቀዳዳው ገብቶ ቦርዱን ቦታው ላይ በሚያስይዘው) ላይ ያለው ልቅነት 0.1፣ የቀዳዳው ቦታ ስሕተት 0.1፣ የቦርዱ የራሱ አሠራር 0.1 ሲጨመርበት 0.6 ሚሜ ይሆናል። የፍተሻ ፓዱ ስፋት 1.5 ሚሜ በሆነበት ከመሃል እስከ ጠርዝ 0.75 ስለሚሆን ለጥቂት ያልፋል። ሲሪያሎቹ ላይ ያሉት ፓዶች ግን 1 ሚሜ ናቸው፤ እዚያ ከመሃል እስከ ጠርዝ 0.5 ብቻ ነው። ፒኑ አንዴ ፓዱን፣ አንዴ ሶልደር ማስኩን (ኤሌክትሪክ የማያስተላልፈውን የቦርዱን ቀለም) ይነካል። ያው ቦርድ ሲጫን አንዴ ያልፋል፣ አንዴ ይወድቃል። ሶፍትዌር ውስጥ የሚፈለግ ችግር የሚመስለው ይህ ነው፤ መነሻው ግን ቀዳዳው ነው።

ሌላው የአክሪሊክ ችግር ስታቲክ ነው። አዲስ አበባ 2,350 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ናት፤ ክረምቱ ወጥቶ በጋው ሲገባ አየሩ ይደርቃል። መሸፈኛ ወረቀቱ ሲላጥ ወይም በጨርቅ ሲጠረግ አክሪሊክ ኃይለኛ ቻርጅ ይይዛል፤ ቁራጭ ወረቀት ሲጠጋው ብድግ ብሎ ይለጠፍበታል። እዚያ ላይ ቺፕ ያለበት ቦርድ ማስቀመጥ ትክክል አይደለም። አክሪሊኩ ለሽፋንና ለእግር ብቻ ይሁን ተብሎ ተወሰነ።

ጥቅምት መጨረሻ፦ ሁለተኛው ሳህን፣ ባዶ ፒሲቢ

ለሳህን የሚሆን ከሁሉ የተሻለው ዕቃ ያው የቦርዱ ዕቃ ነው። ኤፍአር4 (ቦርድ የሚሠራበት ፋይበርግላስ) አይቀልጥም፣ እንደ አክሪሊክ አይሰነጠቅም፤ ፋብሪካው ቀዳዳውን የሚበሳው በሲኤንሲ ስለሆነ ቦታው ልክ ነው። ስለዚህ ከሚቀጥለው የቦርድ ትዕዛዝ ጋር መዳብ የሌለው፣ 1.35 ሚሜ ያልተለበጠ ቀዳዳ ያለው ፒሲቢ ወደ ቻይና ታዘዘ። ትንሹ የትዕዛዝ ብዛት አምስት ስለሆነ ለአንድ ጂግ ሁለት ሳህን ወጥቶ ሦስት መለዋወጫ ይተርፋል። የፒኑ ስም በሥረኛው በኩል በሲልክስክሪን ይታተማል፤ የተገለበጠ ካርታ መለጠፍ አያስፈልግም። የ1.32 ቀፎ በ1.35 ቀዳዳ በትንሽ ግፊት ይገባል። አንገቱ ላይ ያለችው ቀለበት ይዛ ታስቀረዋለች።

ሁለቱ ሳህኖች በ8 ሚሜ ስፔሰር ተራርቀው አንዱ በአንዱ ላይ ይቆማሉ። ቀፎው በሁለት ቦታ ስለሚያዝ መዝመሙ ይቆማል። ድምር ስሕተቱ ወደ 0.35 ሚሜ ወረደ፤ 1 ሚሜው ፓድ ላይ ሳይቀር ፒኑ ከፓዱ አይወጣም። እሽጉ ደርሶ ከቸርችል ጎዳናው ፖስታ ቤት እስኪወሰድ ባለው ጊዜ መጫኛው ተሠራ።

ኅዳር መጀመሪያ፦ መምሪያ ፒንና መጫኛ

የቦርዱ ማሠሪያ ቀዳዳ 3.2 ሚሜ ተብሎ ቢታዘዝም ከ3.12 እስከ 3.33 ድረስ ሊመጣ ይችላል። መምሪያው 3.1 ሚሜ መሆን አለበት። ቶርኖ ቤት ማስቀረጽ ይቻላል፤ ቀላሉ መንገድ ግን የ3.1 ሚሜ ፑንታ ገዝቶ የጭራውን ለስላሳ ክፍል ቆርጦ ጫፉን በግራይንደር ማሾል ነው። ልኩ የተጠበቀ፣ የማይጎብጥ ብረት ነው።

ሁለት መምሪያ በሰያፍ ይበቃል። ሁለቱም እኩል ጥብቅ ከሆኑ በቀዳዳዎቹ መካከል ያለው ትንሽ ልዩነት ቦርዱን ያስነክሳል። አንዱ 3.1፣ ሌላው ሁለት ጎኑ በሞረድ የተላገ ይሁን፤ አንዱ ቦታ ይወስናል፣ ሌላው መዞርን ብቻ ይከለክላል። ከፖጎው ጫፍ ቢያንስ 3 ሚሜ ከፍ ማለት አለባቸው፤ አለዚያ ቦርዱ ገና ሳይመራ ሹሉ ጫፍ ማስኩን ይቧጥጠዋል።

አንድ ፒን በ100 ግራም ሲቆጠር 20 ፒን 2 ኪሎ ነው። ብዙ አይመስልም፤ ግን የሚገፋው ከሥር ወደ ላይ፣ ያውም ወደ አንድ ጥግ ተሰብስቦ ነው። ቦርዱ ሲጎብጥ በመጀመሪያ የሚሰነጠቁት ሴራሚክ ካፓሲተሮች ናቸው። ስንጥቁ ለዓይን አይታይም፣ ጂጉም ላያገኘው ይችላል። ቦርዱ ደንበኛው ጋ ከርሞ ሾርት ያደርጋል። ስለዚህ ቦርዱ ተጭኖ የሚያርፈው በፒኖቹ ላይ ሳይሆን በአራት ናይለን ስፔሰሮች ላይ ነው። የስፔሰሩ ቁመት ደግሞ ፒኑ በትክክል 1.8 እንዲገባ ተደርጎ በራንዴላ ይስተካከላል። ከላይ የሚጫኑት ዘንጎች ጫፋቸው ጎማ ነው፤ የሚያርፉት የፒን ስብስብ ባለበት ትይዩ፣ ዕቃ በሌለበት ባዶ ቦታ ላይ ነው።

ለመዝጊያ መጀመሪያ የተሞከረው ከመርካቶ የተገዛ የሻንጣ መቆለፊያ ነው። አንዱን ጎን ብቻ ስቦ ስለሚዘጋ ቦርዱ ወደዚያው ያዘነብላል፤ ማዶ ያሉት ፒኖች እርምጃቸውን አይጨርሱም። ባለ ማንሻ ቶግል ክላምፕ በመሃል ሲገባ ችግሩ ሄደ። የማጠፊያው ከፍታም ልክ አለው። ዘንጎቹ የተተከሉበት ክዳን በቅስት ስለሚወርድ ማጠፊያው ዝቅ ካለ ዘንጎቹ ቦርዱን ወደ ፊት ይገፉታል። የማጠፊያው እምብርት ዘንጎቹ ቦርዱን በሚነኩበት ከፍታ ላይ ሲሆን ግፊቱ ቀጥ ያለ ይሆናል።

ኅዳር አጋማሽ፦ ሽቦ

የመጀመሪያው ሙከራ ዱፖንት የሚባለውን ተሰኪ ሽቦ በቀፎው ጭራ ላይ መሰካት ነበር። ለአንድ ቀን ሥራ ጥሩ ነው። ክላምፑ በተዘጋና በተከፈተ ቁጥር ግን ይንቀጠቀጥና ቀስ በቀስ ይላላል። ስለዚህ ወደ ጥቅል ተሄደ፤ የ0.25 ሚሜ ነጠላ ሽቦ በእጅ መጠቅለያ መሣሪያ፣ ሰባት ዙር ባዶ ሽቦ፣ ከሥሩ አንድ ዙር ልባሱ ሳይላጥ። ልባሱ ያለበት ዙር ሽቦው ከጥቅሉ ሥር እንዳይሰበር ይጠብቀዋል። የጭራው ሹል ጠርዞች ሽቦው ውስጥ ስለሚነክሱ ንክኪው ጥብቅ ነው። ክብ በሆነ የሬዚስተር እግር ላይ ግን ጥቅል አይያዝም። ሬዚስተሮቹና ዳዮዱ ብሎን ባለው ተርሚናል ታስረዋል።

ይህ ሽቦ በሜትር 0.34 ኦም አለው። ለሲግናል ምንም አይደለም፤ ለግራውንድ ግን ከሦስቱ ፒኖች ሁለቱ ለየብቻቸው እስከ ባትሪው ተርሚናል መሄድ አለባቸው፤ ሦስተኛው ቦርዱ መቀመጡን ለማወቅ ተለይቶ ይቀራል። የፕሮግራም መጫኛዎቹ ሽቦዎች ከ20 ሳንቲ ሜትር አይበልጡም።

ፈታሹ አርዱዊኖ ሜጋ (ፕሮግራም የሚጫንበት ዝግጁ ቦርድ) ነው። የፍተሻ ፕሮግራሙም፣ የመጨረሻው ፕሮግራምም በራሱ ፍላሽ ውስጥ ተቀምጠዋል፤ ላፕቶፕ አያስፈልገውም። ኃይሉ ከዩፒኤስ የወጣ የ12 ቮልት 7 አምፔር ሰዓት ባትሪ ስለሆነ መብራት ሲጠፋ ሥራው አይቆምም። ባትሪ ግን ሾርት ሲያገኝ ከልክ በላይ ይለቃል። በተከታታይ የመኪና 5 ዋት አምፖል (ሶማሌ ተራ ያለው የፓርኪንግ አምፖል) ሲገባ ችግሩ ይፈታል። ሾርት ያለበት ቦርድ ሲገጠም አምፖሉ ይበራል፣ ከ0.4 አምፔር ብዙም አያልፍም። በደህና ቦርድ ላይ ፊላመንቱ ቀዝቃዛ ስለሆነ የሚያስቀረው ቮልቴጅ ትንሽ ነው።

ቮልቴጅ ለመለካት የሜጋውን የራሱን 5 ቮልት ማጣቀሻ ማድረግ አይሆንም፤ ከየት እንደተመገበ ይለዋወጣል። ቲኤል431 የሚባለው ቺፕ የ2.495 ቮልት ማጣቀሻ ይሰጣል። የቦርዱ 5 ቮልት በ10 ኪሎና በ6.8 ኪሎ ተከፍሎ ይገባል፤ 12ቱ ደግሞ በ100 ኪሎና በ15 ኪሎ። ከረንት የሚለካው አይኤንኤ219 በሚባል ቺፕ ነው።

ኅዳር መጨረሻ፦ የፍተሻው ቅደም ተከተል

መጀመሪያ ኃይል ሳይለቀቅ ተለይቶ የቀረው ግራውንድ ፒንና ከሌሎቹ አንዱ በቦርዱ በኩል ይገናኙ እንደሆነ ይታያል። ካልተገናኙ ቢጫ መብራት ይበራል፤ ትርጉሙ «ቦርዱ አልተቀመጠም» ነው እንጂ «ወድቋል» አይደለም። ሁለቱ 12 ቮልት ፒኖችም በዚሁ መንገድ ይታያሉ። ከጂጉ ሁሉ ይህች አንዲት እርምጃ ናት ብዙ ውዝግብ ያስቀረችው። ፒኖቹ በቦርዱ ሁለት ተቃራኒ ጥጎች ላይ መሆን አለባቸው፤ ጎን ለጎን ከሆኑ ማዘንበልን አያሳዩም።

ቀጥሎ ሾርት ይፈለጋል። ሜጋው 5 ቮልት በ1 ኪሎኦም ወደ 12 ቮልቱ መስመር ይልካል፣ ካፓሲተሮቹ እስኪሞሉ ግማሽ ሰከንድ ይጠብቃል፣ ይለካል። ከ0.2 ቮልት በታች ከሆነ ኃይል አይለቀቅም። በዚህ መስመር ላይ 1ኤን4148 ዳዮድ የግድ ነው፤ ከሌለ በኋላ 12 ቮልት ሲለቀቅ በሬዚስተሩ በኩል ወደ ሜጋው ይመለሳል።

ከዚያ 12 ቮልት። ሪሌው ሳይነሳ ከ8 እስከ 20 ሚሊአምፔር ይጠበቃል፤ ሪሌው ሲነሳ በላዩ 30 ይጨመራል፣ ኮይሉ 400 ኦም ነውና። ሪሌው «ቀጭ» ሳይል 30ው ከተጨመረ ኮይሉ ደህና ነው፤ የተያዘው ውስጡ ያለው ምላስ ነው። 5 ቮልቱ ከ4.9 እስከ 5.1።

እዚህ ላይ ለማግኘት ብዙ የሚያለፋ ውሸት አለ። የ12 ቮልቱ ፒን ጭራሽ ተነቅሎ ቦርዱ «እየሠራ» ሊገኝ ይችላል። ሜጋው ወደ ቦርዱ የሚልካቸው መስመሮች 5 ቮልት ላይ ከቆሙ ኤሌክትሪኩ በኤቲሜጋው መግቢያ መከላከያ ዳዮዶች በኩል ወደ ቪሲሲ (የቺፑ ኃይል መግቢያ) ይሻገራል፤ ቺፑም በዚያች ትርፍራፊ ይነቃል፣ ፊርማውን (የቺፑን መለያ ቁጥር) ሳይቀር ይመልሳል። ሬጉሌተሩ የተበላሸ ቦርድ በዚህ መንገድ ሊያልፍ ነው። መፍትሔው ሁለት ነው። ኃይል ከመለቀቁ በፊት የሜጋው ፒኖች ሁሉ መግቢያ ሆነው ይለቀቃሉ፤ በያንዳንዱ መስመር ላይም 1 ኪሎኦም በተከታታይ ይገባል። ማረጋገጫውም ቀላል ነው፤ 12 ቮልቱ ጠፍቶ ቦርዱ ላይ ያለው 5 ቮልት መስመር ዜሮ አጠገብ መሆን አለበት፣ 2 ወይም 3 ቮልት ካሳየ ኤሌክትሪክ በጓሮ እየገባ ነው።

አዲስ ኤቲሜጋ328ፒ ከፋብሪካ ሲወጣ በውስጣዊ ሰዓት በ1 ሜጋኸርዝ ነው የሚሄደው። የፕሮግራም መጫኛው ፍጥነት ከዚያ ሩብ በታች፣ ማለትም ከ250 ኪሎኸርዝ በታች መሆን አለበት፤ 100 ላይ ተደረገ። ፊርማው 1ኢ 95 0ኤፍ ነው። 1ኢ 95 14 ከመጣ ቺፑ ያለ ፒ ያለው 328 ነው፤ 1ኢ 95 16 ከመጣ 328ፒቢ ነው። ሁለቱም ገበያ ላይ ተቀላቅለው ይገኛሉ። ሁሉም ዜሮ ወይም ሁሉም ኤፍኤፍ ከመጣ ስለ ቺፑ ከማሰብ በፊት የሚሶን ፒን ማየት ይገባል።

የክሪስታሉ ፊውዝ (ቺፑ ሰዓቱን ከየት እንደሚያገኝ የሚወስነው ቅንብር) መጨረሻ ላይ ይጻፍ። ክሪስታሉ በትክክል ሳይያዝ ፊውዙ ወደ ውጭ ሰዓት ከተቀየረ ቺፑ ዝም ይላል፣ ሌላው ችግርም አብሮ ይደበቃል። በውስጣዊ ሰዓት መግቢያና መውጫው ሁሉ ይታያል፤ ከዚያ ፊውዙ ተጽፎ ፊርማው እንደገና ይጠየቃል። አሁን ዝም ካለ ጥፋቱ ክሪስታሉ ወይም አጠገቡ ያሉት ባለ 22 ፒኮፋራድ ካፓሲተሮች ናቸው። ሲሪያልም ከዚህ በኋላ ነው የሚፈተሸው፤ ውስጣዊው ሰዓት እስከ 10 ፐርሰንት ሊስት ስለሚችል በእሱ ላይ ሲሪያል ቢሞከር ደህና ቦርድ ይወድቃል።

ታኅሣሥ፦ ጂጉን መፈተን

«ደህና» ተብሎ የተጻፈበት አንድ ቦርድ ከጂጉ ጋር ይቀመጣል፤ አይሸጥም። ሆን ተብሎ የተበላሹም አሉ፤ 5 ቮልቱ ከግራውንድ የተያያዘ፣ ክሪስታሉ የተነቀለ፣ የሚሶ መስመሩ የተቆረጠ፣ ሬጉሌተር የሌለው፣ የሪሌው ትራንዚስተር የተገለበጠ። ጠዋት ሥራ ከመጀመሩ በፊት ደህናው ያልፋል፤ ብልሹዎቹም እያንዳንዳቸው በየራሳቸው እርምጃ ላይ መውደቅ አለባቸው። ሬጉሌተር የሌለው «ፊርማ የለም» ብሎ ከወደቀ የ5 ቮልቱ ምርመራ አልሠራም ማለት ነው። መውደቁ ብቻ አይበቃም።

በእጅ የተሠሩት የሪሌና የተርሚናል እግሮች አካባቢ ፍላክስ ይቀራል። ጫፉ ላይ ሲከማች ንክኪው ይጠፋል፤ መጀመሪያ የሚታየውም የ5 ቮልቱ ንባብ መዋዠቅ ነው። ቦርዱን ከመፈተሽ በፊት ሥሩን በአይሶፕሮፒል ማጠብ፣ ፒኖቹንም በየመቶ ቦርዱ በለስላሳ ብሩሽ ማጽዳት በቂ ነው። ብርጭቆ ወረቀት የወርቁን ልባስ ስለሚልጥ አይነካቸው። የፋርማሲው 70 ፐርሰንት አልኮል የቀረው ውሃ ነው፤ ካልደረቀ ንባብ ያዛባል። ሳኒታይዘር ጄል ውስጥ ግሊሰሪን ስላለ ጭራሽ አይሆንም።

ወጪውን በብር መጻፍ ከሐምሌ 2016 የምንዛሬ ለውጥ ወዲህ ብዙ አይቆይም። በመጠን ሲታይ ከሁሉ ውዱ ሜጋው ነው፣ ቀጥሎ ቶግል ክላምፑ፣ ቀጥሎ ቀፎዎቹ። ፒኑ ርካሽ ነው፤ በመቶ ስለሚሸጥ የተረፈው መለዋወጫ ሆኖ ይቀመጣል። ሳህኑ ከቦርዱ ጋር ስለታዘዘ የተጨመረው ጥቂት ነው። የአክሪሊክ ቆረጣው ቀርቶ ቢሆን ኖሮ አንድ ወጪ ይቀንስ ነበር።

ለሚቀጥለው የቦርዱ ዲዛይን የተላለፉት ለውጦች እነዚህ ናቸው። ሁሉም የፍተሻ ፓድ 1.5 ሚሜ ሆኖ በሥረኛው በኩል ይሁን፣ በመካከላቸው ቢያንስ 2.54 ይኑር። ከማሠሪያ ቀዳዳዎቹ አንዱ 2 ሚሜ ወደ ውስጥ ይግባ፤ አሁን አራቱም እኩል ስለሆኑ ቦርዱ ዞሮ ቢቀመጥም መምሪያው ይቀበለዋል፣ 12 ቮልቱም የፍሎት መግቢያው ላይ ያርፋል። እስከዚያ ድረስ ከሳህኑ አንድ ጥግ ላይ የቆመች የኤም3 ብሎን የተርሚናሉን ጎን እየከለከለች ቦርዱ በአንድ አቅጣጫ ብቻ እንዲገባ ታደርጋለች።